ከሞጣ የመጣ ገለባ

ገለባው ንጹሕ ነበር። አንድ የአሜኬላ እሾህ፣ አንድ የመጭ ራስ እንኳ አልነበረበትም። ይህን ልብ ያልሁት ግን ገለባው ከፍግና ከአመድ ጋር ተደራርቦ ከበሰበሰ፣ ከአፕል ዛፎቹ ሥር ከገባም በኋላ ነው። በእጅ የታረመ ስንዴ የቱንም ያህል ቢታረም አንድ ነገር ሳይቀርበት አይቀርም። ጆንያዎቹን በፈታሁበት ቀን ማሰብ የነበረብኝ ይህን ነበር። እኔ ግን «ይህች ሴት ምን ፈልጋ ላከችልን?» የሚለውን ሳሰላስል ዋልሁ።

ይህች ሴት ያልኋቸው ወይዘሮ ባንቺዓለም ናቸው። የሞጣው የቅኔ መምህር የኔታ አካለ ወልድ ባለቤት፣ የእንዳለው እናት። እንዳለው ደግሞ ልጄን ዘሪቱን የሚወዳት ሰው ነው።

እኛ የምንኖረው ቢቸና ነው፣ ከገበያው ጀርባ። እኔ አረቄ አወጣለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ዘሪቱን ያሳደግሁት በአረቄ ነው። ዘሪቱ የግብርና ዲፕሎማ ይዛ ስትመለስ ሥራ አልተገኘም፤ እንደማይገኝም አስቀድሜ ነግሬያት ነበር። ከጓሯችን ባለችው መሬት ላይ አፕል ተከለች። አፈሩ የደከመ ነበር። ማዳበሪያው ደግሞ በእኛ አቅም የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ የራሷን መሥራት ጀመረች። የአረቄዬን አተላ፣ የምድጃውን አመድ፣ ከገበያ የሚጣለውን የጎመን ቅጠል፣ የጎረቤታችን የደምለውን የዶሮ ኩስ፣ ከየበረቱ እየዞረች የምትዝቀውን ፍግ ከገለባ ጋር እያደራረበች ከምራ ታበስለዋለች። ሰው ኩበት ጠፍጥፎ በሚያነድበትና በሚሸጥበት አገር፣ ፍጉን አፈር የምታበላ ሴት እንደ ጤነኛ አትታይም። «ፍግ ዛቂዋ» አሏት። ዛፎቹ በሁለተኛው ዓመት ከአጥሩ በላይ ወጡ፣ በሦስተኛው አበቡ። ብስባሿን የሚፈልግ ገበሬ ከሉማሜ ሳይቀር ይመጣ ጀመር። ስሟ ግን እዚያው ቀረ።

እንዳለው መጀመሪያ የመጣው ችግኝ ይዞ ነው። ሞጣ ውስጥ በአንድ ችግኝ ጣቢያ አፕል ያዳቅላል። ያን ቀን ዘሪቱ ብስባሿን ልታሳየው ወደ ክምሩ ወሰደችው። መብሰሉ የሚታወቀው በዘንግ ነው። ደረቅ ረጅም ዘንግ ክምሩ መሃል ተተክሎ ይቆያል፤ ሲነቀል ትኩስ ከሆነ ገና ነው፣ ቀዝቅዞ ከወጣ ደርሷል። ነቀለችና «ያዘው» አለችው። ያዘው።

«ይፋጃል አይደል?»

«ይፋጃል» አላት።

«ታዲያ አትለቀውም?»

«የሰጠሽኝ አንቺ ነሻ!»

እኔ ከመስኮቱ አያለሁ። ትኩስ ነገር ይዞ የማይለቅ ሰው ነገሩ አልቆለታል ብዬ ወደ ጋኔ ተመለስሁ። ደስ አላለኝም። የቅኔ ቤት ልጅና የአረቄ ቤት ልጅ፣ ሞጣና ቢቸና፣ በመካከሉ አንድ ቀን የሚከፈት አንድ ቀን የሚዘጋ መንገድ። የሚመጣውን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

የመጣውም ወይዘሮ ባንቺዓለም ናቸው። ለዘመድ ተዝካር ቢቸና በመጡ ጊዜ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስጠሩኝ።

«ልጄ ዲያቆን ነበር» አሉኝ። «የአረቄ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ልጅሽን ያዢልኝ።»

«እርስዎም ልጅዎን ይያዙልኝ» አልኋቸው። «ተሳፍሮ የሚመጣው እሱ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። ስልክ በተቋረጠ ጊዜ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ደብዳቤ ይልክላታል። እሷ ክምሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታነባለች፤ አጥፋ በጡቷ መካከል ታስቀምጣለች፤ ከዚያ አካፋዋን ታነሣለች። ያን ጊዜ ፊቷን የሚያይ ሰው ደብዳቤው ስለምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

በታኅሣሥ አንድ አይሱዙ ደጃችን ቆመና ገለባ የታጨቀባቸውን ጆንያዎች አራገፈ። ሹፌሩ «ወይዘሮ ባንቺዓለም ናቸው የላኩት። ለዘሪቱ ለሥራዋ ይሁናት ብለዋል» አለ።

ዘሪቱ ጆንያው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «በስሜ ጠሩኝ እማ» አለችኝ።

«ባይልኩ ይሻለን ነበር» አልሁ።

«አንቺ ደግሞ! መልአክ ቢመጣ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ።»

ገለባው የስንዴ ነበር፣ ወርቅ የመሰለ። ብዙም ሳይቆይ ዘሪቱን ለእንዳለው የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከሰኔ ጾም በፊት እንደሚመጡ ተነገረን። ዘሪቱ በገለባው ክምሯን ሠራች። በሚያዝያ ዘንጉ ቀዝቅዞ ወጣ። ብስባሹም ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ ከዝናብ በኋላ እንዳለ አፈር የሚሸት ሆነ። ጥግ ላይ ካሉት ጥቂቶች በቀር በየዛፉ ዙሪያ፣ ግንዱን ሳያስነካ፣ ክብ እየቆፈረች አለበሰችው። እየሠራች ስትዘፍን ሰማኋት። ልጄ መዝፈን አትችልም፤ እንዲያም ሆኖ አልከለከልኋትም።

ግንቦት ሲጋመስ ደምለው ከአጥሩ ማዶ ተጣራ። «ዘሪቱ! አፕሎችሽ ምን ሆኑ? ጆሯቸውን አጥፈዋል እኮ!»

ወጥተን አየን። አዲሶቹ ቅጠሎች እንደ ማንኪያ ወደ ላይ ተቆልምመዋል። የቅርንጫፉ ጫፍ ተጠማዟል፣ ሰው በእጁ ይዞ እንደጠመዘዘው። ጣት የምታህለዋ ፍሬ በነካናት ቁጥር ትረግፋለች። ዘሪቱ አንዱን ቅጠል ልትዘረጋው ሞከረች፤ ስትለቀው ተመልሶ ታጠፈ። ደጋግማ ሞከረች። እኔ ቅጠሉን ትቼ እሷን ነበር የማየው።

ሰፈሩ ቡዳ ነው አለ፣ ዓይን ነው አለ፣ ፍግ ነው የገደላቸው አለ። ዘሪቱ ኔትወርክ ወደሚገኝበት የአጥሩ ጥግ ሄደች፤ ለእንዳለው ደወለች። ድምፁ ይሰማኛል።

«ቅጠሎቹ ተጠቀለሉ» አለችው። «ሁሉም። ብስባሹን ያላለበስኋቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው የተረፉት።»

እንዳለው ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ቀጠን ብሎ።

«ብስባሹ በስሎ ነበር?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምንም። እንዲሁ ነው የጠየቅሁሽ።»

«ዘንጉን በእጄ ይዤዋለሁ። ቀዝቃዛ ነበር።»

«ምናልባት ከታች በኩል ያልደረሰ…»

«እንዳለው» አለችው። «ሽማግሌ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሥራሽን አታውቂም ልትለኝ ነው?»

ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ፣ አላወቅንም። ዘሪቱ እዚያው ጥግ ቆማ ቀረች። ያን ያህል ዓመት «ፍግ ዛቂ» ስትባል ትከሻዋ ጎብጦ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ጎበጠ።

ከዚያ በኋላ እህል አልቀምስ አለች። ጥፋቱን በራሷ ላይ ትፈልጋለች። ውኃ አብዝቼበት ይሆን? አተላው ሳይቀዘቅዝ ገብቶ ይሆን? አመዱ በዝቶ ይሆን? በመጨረሻ ሁለት የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አነሣች። በአንደኛው የዘንድሮውን ብስባሽ፣ በሁለተኛው ከአምናው የተረፈውን ጨምራ በሁለቱም ባቄላ ዘራች። ባቄላ ፈጥኖ ይናገራል አለችኝ። በአምናው የበቀለው ቅጠሉን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ወጣ። በዘንድሮው የበቀለው ከአፈር ብቅ ሲል ተጠማዝዞ ነው።

ቆርቆሮዎቹን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ትክ ብላ አየቻቸው። እኔም አየሁ። አተላው ያው አተላ ነው፣ አመዱም ያው፣ የደምለው ዶሮዎችም አልተለወጡም። ዘንድሮ አዲስ የገባው አንድ ነገር ነው።

«ገለባው!» አልሁ።

«አውቄዋለሁ።»

«የሆነ ነገር ጨምረውበታል! ምን ፈልገው ነው የላኩልን ብዬ አልነበረም? አንድ አረም የሌለበት ገለባ! ገና ያኔ…»

«እማ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ለምን አልናገርም? ልጄ አገር ፊት ስትዋረድ ዝም ልበል?»

«እና ምን ልበል?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አማቴ መርዝ ላከችልኝ ልበል? ይህ ወሬ ከቢቸና ሞጣ እስኪደርስ ምን ያህል ይፈጃል? ከዚያ በኋላ እንዳለው እኔንና እናቱን እንዴት አድርጎ ነው በአንድ ዓይን የሚያየን?»

«እሱስ? ሥራሽን አታውቂም ያለሽ እሱስ?»

በማግሥቱ ብስባሽ ሊወስዱ ለመጡት ገበሬዎች «ዘንድሮ የእኔ ብስባሽ ተበላሽቷል፣ አትውሰዱ» አለቻቸው። የእኔ አለች። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። በሚኒባሱ ሹፌር በኩል ደግሞ ወደ ሞጣ ቃል ላከች፤ ሽማግሌዎቹ አይምጡ፣ አለች። ምክንያት አልጨመረችም። ሹፌሩ «ይኸው ብቻ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ይኸው ብቻ ነው አለችና ፊቷን አዞረች። የሰው ሐዘን በድምፅ ቢሆን ይሻላል፤ የልጄ ግን ድምፅ አልነበረውም።

ሽማግሌዎቹ አልመጡም። በምትካቸው እንዳለው መጣ፣ እናቱን ይዞ።

ከቀትር በኋላ ነው። ወይዘሮ ባንቺዓለም ጥላቸውን እንደዘረጉ ደጃፌ ላይ ቆሙ። አጥሩን፣ የአረቄ ጋኖቹን፣ እኔን ተራ በተራ አዩ። እንዳለው ከኋላቸው ነበር። ከስቷል። ዓይኑ ግን በትከሻቸው ላይ አልፎ ጓሮው ውስጥ አካፋ ይዛ የቆመችውን ዘሪቱን ነበር የሚፈልገው። እሷም አየችው። ወዲያው መሬት መሬቱን አየች።

«ሽማግሌ አትላኩ አለች አሉኝ» አሉ ወይዘሮ ባንቺዓለም። «ልጄ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ምን በደልናት?»

«ይግቡና ይዩት» አልኋቸው።

ወደ ጓሮው መራኋቸው። አንድ ቅጠል በጣታቸው ነኩ። «እኔን! ይህ ምን ነካው?»

«እርስዎ አያውቁትም?»

«ከየት አውቃለሁ?»

አላስቻለኝም። አንቱታው ከአፌ ጠፋ። «አንቺ ነሻ የላክሽው!» አልሁ። «ገለባ ብለሽ መርዝ የላክሽልን! አልድርም ማለት አንድ ነገር ነው። የድሀ ዛፍ መግደል ምን ይባላል?»

«እማ! ተይ!» ዘሪቱ አካፋዋን ጥላ መጣች።

ወይዘሮ ባንቺዓለም ጥላቸውን ዘጉ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ተሰበረ። «ገለባዬ?» አሉ። «ገለባዬን ነው? ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው ማሳ፣ ከምርጡ እኮ ነው የላክሁት! በእጄ እየለቀምሁ ነው ጆንያ የሞላሁት። ላሞቼን ከልክዬ፣ እነሱን መናኛውን አብልቼ! አረም ያለበት ገለባ ልጄን ወደምድርበት ቤት ይላካል? ሰው ምን ይለኛል?» ወደ ዘሪቱ ዞሩ። «ያኔ ለእናትሽ ክፉ ተናግሬ ነበር። እንዴት ብዬ ልመልሰው? አፌ እሺ አላለኝም። ገለባውን ላክሁት።»

እኔ ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ክፉ ነገር ብቻ ለምዶ የሚጠብቅ ሰው ሌላ ሲመጣ እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም።

«እኔ ነኝ» አለ እንዳለው።

ሁላችንም ዞርን።

«ማሳውን እኔ ነኝ የረጨሁት። ነሐሴ ላይ። ቅጠለ ሰፊ አረም የሚያጠፋ መድኃኒት ነው። ከገበያ በጀሪካን ነው የገዛሁት፤ ጽሑፍ የለበትም። አንዴ ሲበቃው ደገምሁት። ስንዴ አይጎዳም፣ አረሙን ብቻ ነው የሚያቃጥል አሉኝ። ዝናቡ ያጥበዋል፣ ፀሐዩ ይጨርሰዋል ብዬ አሰብሁ። ገለባው ውስጥ ኖሯል።»

«አንተ!» አሉ እናቱ። «አርሜዋለሁ ብለኸኝ አልነበረም? ዓይንህ እስኪቀላ በእጅህ አርሜዋለሁ!»

«ማረም ሁለት ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር» አለ። የሚናገረው ለዘሪቱ ብቻ ነበር። «ያን ጊዜ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። መቼ ተመልሶ እንደሚዘጋ አላውቅም። ሁለት ሳምንት ጎንበስ ብዬ አረም ከምነቅል… አንቺን ልይሽ ብዬ ነው።»

እኔ ያን ነሐሴ አስታውሳለሁ። ሱሪው ጭቃ ብቻ ሆኖ ይመጣል፣ ዝናብ አያግደውም፣ ሚኒባሱ ገደል ይገባል ብዬ እየተጨነቅሁ እውላለሁ፤ እሱ ግን ሰኞ ሄዶ ሐሙስ ይመለሳል። ዘሪቱም ትዝ ሳይላት አልቀረም፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«በስልክ የነገርሁህ ቀን» አለችው፣ «ዝም ያልኸው… ያኔ ገብቶህ ነበር?»

«ተጠቀለሉ ስትዪ ገባኝ።»

«ገብቶህ ነው ብስባሹ በስሎ ነበር ያልኸኝ?»

«ባይበስል ብዬ ተመኝቼ ነው። ሌላ፣ ምንም ሌላ ነገር ይሁን ብዬ። እኔ ከሆንሁ አጣታለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔኮ» አለች ዘሪቱ፣ «ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን እየገላበጥሁ ሳይ ነው የከረምሁት። በዚህ እጅ ምን አበላሸሁ ብዬ። ለገበሬው ሁሉ ጥፋቱ የእኔ ነው አልሁ። ለእናትህ ክብር ብዬ፣ አንተ በሁለት ሰው መካከል እንዳትቀደድ ብዬ። አንተ ታውቃለህ! ሞጣ ተቀምጠህ ታውቃለህ!»

«ዘሪቱ…»

«ዛፉ ዛፍ ነው፣ እንዳለው። ስለ ዛፉ አይደለም የማለቅሰው።»

ሲያለቅሱ አላየሁም ለማለት ዞር አልሁ። ወይዘሮ ባንቺዓለም በተዘጋው ጥላ የልጃቸውን ትከሻ መቱት፤ ብዙም አያምም። «ፍቅርህን ይንቀለውና! ሥራ የሚያስፈታ ፍቅር!» አሉ። ከዚያ ጥላውን ደገፍ ብለው እሳቸውም አለቀሱ። እንዳለው አልተከላከለም። እዚያው፣ ዘሪቱ በቆመችበት ፊት፣ እንደ ቅጠሎቹ ታጥፎ ቆመ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ዘሪቱ ናት። ወደ መጀመሪያው ዛፍ ሄዳ ተንበረከከች፤ ብስባሹን ከሥሩ በእጇ ትጠርግ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ እንዳለው ቀጥሎ ካለው ዛፍ ሥር ተንበረከከ። ሂድ አላለችውም። ና አላለችውም።

«ይህን ሁሉ የት ልትጥሉት ነው?» አልሁ።

«አይጣልም» አለች ዘሪቱ። ቀና አላለችም። «መድኃኒቱ የሚጠላው እንደ አፕል፣ እንደ ባቄላ ያለውን ቅጠለ ሰፊ ነው። ስንዴና ጤፍን አይነካም። ከዛፎቹ ይነሣ፤ አፈሩ ውኃ ይጠጣ። ሥሮቻቸው ካልተጎዱ ለክረምቱ አዲስ ቅጠል ያወጡ ይሆናል። ብስባሹ ወደ መጣበት ማሳ ይመለስ። ስንዴው ይብላው።»

«ወደ እኔ ማሳ?» አሉ ወይዘሮ ባንቺዓለም።

«ወደ እርስዎ ማሳ። ጥሩ ብስባሽ ነው። ለስንዴ ከዚህ የተሻለ አያገኙም።»

ወይዘሮ ባንቺዓለም ነጠላቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ፤ መቀነታቸውን አጠበቁ። «በይ ጆንያ አምጪ» አሉኝ። «ምን ታዪኛለሽ? እኔስ በረት ውስጥ አይደል ያደግሁት? የቅኔ መምህር ሚስት ፍግ አትዝቅም ያለሽ ማነው? ቅኔ ላም አያልብም!»

ጆንያ አመጣሁ። እስኪመሽ ዘቅን። ደምለው ከአጥሩ ማዶ «ደቦ ነው እንዴ?» ብሎ መጣና እሱም ገባበት። ዘሪቱና እንዳለው ጎን ለጎን ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሄዳሉ። አንዴ አንዲት ሥር በአካፋ ሊነካ ሲል እጁን በእጇ መለሰችው። ወዲያው አላነሣችውም። ልቤ ለምን እንደመታ አላውቅም፤ የተነካሁት እኔ አይደለሁ።

ዝናቡ ጀመረ። ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና እንደሌለ ታወቀ። እንዳለው ደምለው ቤት እንዲያድር ተወሰነ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ግን ከእኔ ዘንድ ከማደር ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ቤቱ አረቄ አረቄ ይሸታል። ፈራሁ። መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፍሁላቸው፤ ተቀመጡ፤ ዙሪያውን አዩ።

«ይህ ነው የምታወጪው?» አሉ ጠርሙሱን እያዩ።

«ይህ ነው፣ እመቤቴ።»

«ሆዴን ቆርጦኛል። ለቁርጠት ጥሩ ነው ይላሉ።»

ቀዳሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡት። «የኔታ እንዳይሰሙ» አሉኝ። ከዚያ መለኪያውን መልሰው ዘረጉልኝ። «ቁርጠቱ አልለቀቀኝም።»

ዘሪቱ እጇን ታጥባ ከጓሮ አልገባችም ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ደጁ ላይ፣ ከክፈፉ ሥር፣ ሁለቱ ቆመዋል። ከዚህ በላይ ማዳመጥ ተገቢ አይደለም። አዳመጥሁ።

«ዛፎቹ ቢሞቱስ?» አላት።

«ሌላ እንተክላለን።»

«እንተክላለን አልሽ።»

«ቃሉ አመለጠኝ።»

ዝናቡ በመካከል ገባ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ። «እኔን ያስፈራኝ መርጨትህም መሳሳትህም አይደለም። ሁሉም ይሳሳታል። ክፉውን አውቀህ ከእኔ ስትደብቅ ግን ብቻዬን ነኝ። አብረኸኝ ቆመህ እንኳ ብቻዬን ነኝ። ከዚህ ሌላ የምፈራው ነገር የለኝም።»

«ሌላ ክፉ ነገር አለ» አላት።

እጄ በሩ ላይ ቀረ። ያው፣ አልሁ በልቤ። መጣ።

«ንገረኝ።»

«አባቴ እሺ አላሉም። ሽማግሌዎቹን የመረጠችው እናቴ ናት። አባቴ እስካሁን አይሆንም እንዳሉ ናቸው። ከሠርጉ በፊት አልነግርሽም ብዬ ነበር። ይኸው ነገርሁሽ። ብትመልሺኝ አልቀየምሽም።»

ዝናቡ በረታ። ከዚያ የሰማሁት ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አቃተኝ። የልጄ ነበር።

«ይህን ለመናገር ይህን ሁሉ ጊዜ ፈጀብህ?»

«ፈጀብኝ።»

«እጅህን ስጠኝ» አለችው። ቀጥሎ የተናገረችውን የሰማሁት ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ስለረሳች ነው። «ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው። ይምጡ። አባትህም እሺ እስኪሉ አብረን እንጠብቃለን። አብረን ግን።»

እሱ ምን እንዳላት አላውቅም። ጭቃው ውስጥ ወደ ደምለው ቤት ሲራመድ ሰማሁት፤ ሁለት ጊዜ ቆመ፣ ዞሮ አያት ይሆናል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝሁት የኔታ እሺ አላሉም የሚለውን ነው። ሰውየው ባለ ቃል ናቸው ይባላል። ሽማግሌ መልሶ የሚያሳፍር አባት አይቼ አውቃለሁ። ዛፎቹም ቅጠል ላያወጡ ይችላሉ። መንገዱም ነገ ሊዘጋ ይችላል።

ዘሪቱ ገባች። ፀጉሯ ረጥቧል፤ ጣቶቿ ውስጥ ገና አፈር አለ። ወዴት እንደምትቀመጥ ያጣች መስላ መሃል ቤቱ ቆመች። ወይዘሮ ባንቺዓለም ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ወደ ግድግዳው ተጠጉና መደቡ ላይ ቦታ ለቀቁ።

«ነይ እዚህ» አሏት። «በርዶሻል ልጄ።»

ሄደችና አጠገባቸው ጋደም አለች። ጋቢውን አለበሷት። የሁለቱን ትንፋሽ ጥቂት አዳመጥሁ። ፍርሃቴ እንዳለ ነበር፤ ያን ሌሊት ግን ከእኔ ሌላ የሚጠብቃት ሰው ቤት ውስጥ ነበረ።

ሄጄ በሩን ዘጋሁ። መቀርቀሪያውን ገፋሁ፤ ቁልፉን አዞርሁት።